ደማችሁ አልገጠመም ተብለን ነበር

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልበትም፤ አማርኛዬም እንደምታውቁት የአንጋጫ ነው። ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብቀመጥ ልቤ እሺ አይለኝም።

በመጀመሪያው እርግዝናዬ ፊቴ ሲያብጥ ሰው ሁሉ «ቅቤው ተስማማሽ» ይለኝ ነበር። እኔም አማረብኝ ብዬ መስታወት አይ ነበር! ለካ ደም ግፊት ነው። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሞተ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከሆመቾ መጡና፣ «ደማችሁ አልገጠመም፤ ብትለያዩ ይሻላል» አሉን። ባለቤቴ አይሆንም አለ፤ እኔ ግን አመንኳቸው። ከዚያ በኋላ እዚህ የምመጣው ለባለቤቴ ብዬ ነበር። እናንተ ስትዘምሩ እኔ እግዚአብሔርን አኩርፌ ነው የምቀመጠው።

ደግሜ ሳረግዝ በጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ግፊቴንም እየተለካሁ ቆየሁ። ስምንት ወር ሲሆነኝ ግን ራሴን ይፈልጠኝ፣ ዓይኔን ያጭበረብረኝ ጀመር። ሆሳዕና ሆስፒታል አስተኙኝ። አማቴም መጡ። እሳቸው ባሉበት ዶክተሩን፣ ደማችን ስላልገጠመ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

ቁጭ ብሎ አስረዳን። ልጅ ግማሹ የአባቱ ስለሆነ፣ የእናትየው የበሽታ መከላከያ አቅም፣ ባዕድ ነው ብሎ ሳይጣላው ሊቀበለው ይገባል አለ። የእንግዴ ልጁን በደንብ ሳይቀበለው ሲቀር የደም ሥሮቹ ጠበው ይቀራሉ፤ ግፊቱ የሚነሳው ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ነገር ግን ገና ተጠንቶ አላለቀም አለን። ከዚያ ወደ አማቴ ዞሮ፣

«እናቴ፣ የማንም ጥፋት አይደለም። መለያየትም መድኃኒቱ አይደለም። አሁን ልጁ በኦፕሬሽን መውጣት አለበት» አላቸው።

አማቴ እጄን ይዘው በሃዲይኛ ጸለዩ። ሃዲይኛዬ ትንሽ ነው፤ ግን «ልጄን አድንልኝ» ሲሉ የጠሩት የእኔን ስም ነበር። ቅዱሳን፣ ልቤ ያን ጊዜ ተሰበረ። ጌታ ሆይ፣ ማኩረፌን ይቅር በለኝ፣ ሕይወቴ ያንተ ነው አልኩት። ልጁ ይኑር አይኑር ሳላውቅ ነው እጄን የሰጠሁት። ስሙ ይባረክ!

ሴት ልጅ ሰጠኝ። ትንሽዬ ነበረች፤ ሙቀት ክፍል ቆይታ ወጣች። የእኔም ግፊት ቀስ እያለ ወረደ። ክብር ለጌታ!

እህቶቼ፣ እብጠት ስታዩ ቅቤ ነው አትበሉ፣ ሄዳችሁ ተለኩ። ጌታን ያኮረፋችሁም ካላችሁ፣ እሱ አያኮርፍምና ኑ፣ ታመኑበት።

ያቺ ከኋላ የምትጮኸው የእኔ ናት፤ ያዘሏት አማቴ ናቸው። ሆመቾ መቼ ይመለሳሉ ስንላቸው፣ «ከልጆቼ ተለይቼ የት እሄዳለሁ» ይሉናል።