የፍልሰታው ከረሜላ

የአንደኛ ዓመት ትምህርት በሰኔ እንዳለቀ የሥነ ልቦናው ፕሮፌሰር በክረምቱ ጥናታቸው እንዳግዛቸው መረጡኝ። ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የቀጨኔ ልጅ ስለሆንኩ ነው፤ ለጥናቱ የሰፈራችንን ልጆች ፈልገው ኖሯል። ቢሆንም ደስ አለኝ። በሁለተኛው ዓመት ሥነ ልቦና ለመግባት የሚመኘው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት፣ መራጩም እሳቸው ናቸው።

ጥናቱ ልጆች ራሳቸውን መግዛት ይችሉ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ከረሜላ ይቀመጣል። ልጁ ብቻውን ይገባል። ፕሮፌሰሩ «እስክመለስ ካልበላኸው ሁለት እሰጥሃለሁ» ብለውት ይወጣሉ። በበሩ ስንጥቅ እያየን እኔ ሰዓት ይዤ እመዘግባለሁ።

በሐምሌ የመጡት ልጆች አንዳቸውም አልጠበቁም። አንዱማ ወረቀቱን እንኳ ሳይልጥ አፉ ውስጥ ከተተው።

«እንስሳ ናቸው የሰፈርህ ልጆች!» አሉኝ ፕሮፌሰሩ። «ነገ የሚባል ነገር አያውቁም።»

ነገ የሚባለውንማ ያውቁታል። ስኳር ነገ ይመጣል እየተባለ፣ ከእናቶቻቸው ጋር ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው ስንት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ይህን ልነግራቸው አስቤ አፌን ከፈትኩና «ልክ ነዎት» አልኩ።

«እንግዲያው ስለ ዲሲፕሊን አስተምራቸው። ከዚያ እንደገና እንፈትናቸዋለን።»

ሰብስቤ አስተማርኳቸው። እኔ ከወረቀት ሳነብ እነሱ እርስ በርስ ይቆነጣጠሩ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ነሐሴ ከገባ በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሆነ። የመጀመሪያው ልጅ ከረሜላውን ሳይነካ ጠበቀ። ሁለተኛውም ጠበቀ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እጆቿን ጭኗ ሥር አስገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለት ከረሜላ ሲሰጣት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከሁሉም የበላው የሙስሊሙ ባለሱቅ ልጅ ብቻ ነው።

«ይኼ አይሻሻልም። ደካማ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ቀጥለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በዚያ ክረምት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ሌሎቹን ግን አየሃቸው? በአንድ ትምህርት ተለወጡ! ስምህ ሥነ ልቦና ከሚገቡት ዝርዝር አናት ላይ ነው።»

ልጆቹን የለወጣቸው ትምህርቴ አልነበረም። ፍልሰታ ገብቷል። የሰፈራችን የክርስቲያን ልጆች በፍልሰታ ይቆርባሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። እኔም ያን ጠዋት ጿሚ ነበርኩ። ግን በዚያ አዳራሽ፣ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው የሚሉት የቀበሌው ሊቀመንበር በሚቀመጡበት፣ ለፕሮፌሰሩ ስለ ጾም ማን ይነግራል? የባለሱቁን ልጅ ደካማ ብዬ ጻፍኩ።

በሩ ተበርግዶ የልጅቷ እናት፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። እጃቸው ላይ ጭቃው ደርቋል።

«ማነው ልጄን በጾም ከረሜላ ፊት የሚያስቀምጣት? ሥራ የላችሁም?»

«ሴትዮ፣ ይኼ ሳይንስ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ሳይንሱን ለራስዎ ልጅ ያድርጉት! እሷ ዛሬ ቆራቢ ናት።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ጾም ነው እንዴ?»

«ሴትዮዋ ተሳስተው ነው። የዚህ ሰፈር ልጆች አይጾሙም።»

ሳላስብ ነው ያልኩት። የሐምሌዎቹ ልጆች እንኳ ከመብላታቸው በፊት አንዴ ወደ በሩ ዞር ብለው ያዩ ነበር፤ እኔ ያን ያህል እንኳ አልዘገየሁም።

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አልጮኹም። «አንተ» አሉኝ፣ «ልጅ ሆነህ ስትቆርብ አፍህን በነጠላ የያዝኩልህ እኔ አይደለሁም?»

ልጅቷ ቋጠሮዋን ፈታች፤ ሁለቱን ከረሜላ መዝገቤ ላይ አስቀመጠችና «ውሸታም» አለችኝ። እናትየው እጇን ይዘው ወጡ።

ፕሮፌሰሩ በሩን ትንሽ ጊዜ አዩ። «አይጾሙም አልክ፤ አይጾሙም» አሉ። «ጻፍ፤ እስከ መጨረሻው ጠበቀች።»

ከረሜላዎቹን ገፋ አድርጌ ጻፍኩ።

ዝርዝሩ ጳጉሜን ላይ ተለጠፈ። እንዳሉትም ስሜ መጀመሪያ ነበር። ለእናቴ ልነግራት እየሮጥኩ በሸክላ ሠሪዋ በር ሳልፍ፣ ሴትዮዋ ጀበናዎቻቸውን ፀሐይ ላይ ይደረድራሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?» አልኩ ቆም ብዬ።

ቀና አላሉም። መንገዱ ላይ የሚጫወቱት ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ተጠጉልኝ። የባለሱቁ ልጅ ነው መሰለኝ፣ ለጓደኞቹ በሹክሹክታ፦

«ዝም በሉ፣ ይጽፈናል።»