የዶክተሩ ሲምፎኒ

ክላርኔት የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እዚያው በአንድ ቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ስነፋ ቆይቼ፣ ጥርሴ ሲከዳኝ ወደ ተወለድኩበት ሐዋሳ ተመለስኩ። አሁን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ አስተምራለሁ። “እትዬ” የሚሉኝ ዘጠኝ ተማሪዎች አሉኝ። ሦስቱ ኖታ ያነባሉ፤ የቀሩት የሚያነቡ ይመስላሉ። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ነው አንድ የምህንድስና መምህር ለሰማንያ ተጫዋች የሚሆን ሲምፎኒ ጽፎ የመጣብኝ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ድልድይ አሠራር የሚያስተምር ዶክተር ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም። ሙዚቃን በራሱ ጥረት ከኮምፒውተር ነው የተማረው። የተገናኘነው እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ሲሆን፣ ማኪያቶ እንኳ ሳናዝ ጥቁር ሽፋን ያለው ጥራዝ ከቦርሳው አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ርዕሱና ስሙ በወርቃማ ቀለም ታትመዋል። ስሙ ከርዕሱ ይገዝፋል።

“መምህር፣ አስተያየትዎን ሳይሰስቱ ይስጡኝ” አለኝ።

እንዲህ የሚል ሰው የሚጠብቀው ምስጋና መሆኑን ከልምድ አውቃለሁ። ቢሆንም የሰጠኝን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ኮምፒውተሩ መጫወት ጀመረ። ሰማንያዎቹ መሣሪያዎች አንድ ላይ ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ አልነበረም። መናኸሪያ ውስጥ የሻሸመኔ፣ የዲላና የወላይታ መኪና ረዳቶች በአንድ ጊዜ ሲጣሩ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሰምታችሁታል። ልዩነቱ የመናኸሪያው ሰው የት እንደሚሄድ ማወቁ ነው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ስሰማ ዓይኑን ከፊቴ ላይ አልነቀለም። ሲያልቅ “በጽሑፍ አይቼ እነግርዎታለሁ” ብዬ ጥራዙን ቡሹሎ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ይዤ ሄድኩ።

አንድ ሳምንት ሙሉ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩበት። ፍሉቷ በዝቅተኛ ድምፅዋ ታንሾካሹካለች፤ አራት ትሮምቦኖች ደግሞ በላይዋ ላይ ይጮሃሉ። ክላርኔቱ መሣሪያው ላይ የሌለ ድምፅ እንዲያወጣ ታዟል። ትራምፔቱ ሁለት ገጽ ተኩል ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ አልተሰጠውም። ሰውዬው አንድም መሣሪያ በእጁ ይዞ እንደማያውቅ ከየገጹ ይታያል። መሣሪያ አለማወቁን አልጠላሁትም። የጠላሁት ሳያውቅ ሰማንያ ሰው ማዘዙን ነው።

ሁለተኛው ክፍል መሐል ላይ ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ስምንት ሜዠር፣ ስምንት የምት ክፍል ብቻ ነው፤ ሲጫወቱት ሃያ ሰከንድ ቢሞላ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ዝም ብለው አንድ ቼሎና አንድ ክላርኔት ብቻ በባቲ ቅኝት ይቀባበላሉ። ክላርኔቱ የቼሎውን ዜማ ተከትሎ ይሄድና፣ ይደግመዋል ስትል ወደ ሌላ ይታጠፋል። እርሳሴን አስቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህን የጻፈ ሰው ሌላውን ለምን ጻፈው አልኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጠራሁት። ኖታ ከሚያነቡት ከሦስቱ ተማሪዎቼ አንዱንም አስመጣሁ። መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ ቃል የማያበዛ ሲዳማ ነው፤ ትራምፔት ይነፋል። የትራምፔቱን ገጽ ሰጠሁትና “እንደተጻፈው ተጫወት” አልኩት። ጀመረ። የመጀመሪያው ገጽ ሳያልቅ አንገቱ ላይ ጅማቱ ተገተረ፤ ፊቱ ጠቆረ፤ መሣሪያውን አወረደና ተነፈሰ።

“ዶክተር፣ ይሄን የሚነፋው ሰው ስንት ሳንባ አለው?” አለ።

“ኮምፒውተሩ ያለ ችግር ይነፋዋል” አለ ዶክተሩ።

“እንግዲያ ኮምፒውተሩን ይጥሩት” አለና ቁጭ ብሎ የትራምፔቱን አፍ በመሀረብ ይጠርግ ጀመር።

አስተያየቴን ከመልካሙ ልጀምር ብዬ፣ ስምንቱን ሜዠር አሳየሁት። “ዶክተር፣ ይህ ሙዚቃ ነው። የቀረውን ይተዉትና ከዚህ ይነሡ። ለሁለት ሰው፣ ለሦስት ሰው ይጻፉ” አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየውና ደነገጠ።

“ይቅርታ መምህር፣ ይሄማ ስህተት ነው። የሌሎቹ መሣሪያዎች መስመር ለማተሚያ ካዘጋጀሁት ፋይል ጠፍቶብኝ ነው። ሳላየው ታተመ። ትናንት አስተካክዬዋለሁ።”

ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሰማኝ። አስተካክሎታል። ቫዮሊኖቹ ገብተዋል፣ ትሮምቦኖቹ ገብተዋል፣ ከበሮው ሳይቀር ገብቷል። ያ ዜማ ከሥር የት እንደገባ አይታወቅም። በሕይወቴ ብዙ መጥፎ ሙዚቃ ስሰማ አዝኜ አላውቅም፤ ያን ቀን አዘንኩ።

“ድልድይ ላይ ብረትና ሲሚንቶ በጨመሩ ቁጥር ይጠነክራል?” አልኩት።

“የለም። ከመጠን ካለፈ የራሱ ክብደት ይጎዳዋል።”

“እና?”

“ሙዚቃ ግን ድልድይ አይደለም” አለኝና ጥራዙን ሰበሰበ።

ከወር በኋላ ሲምፎኒው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ቀረበ። ቀረበ ማለት፣ መድረኩ ላይ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ተተከሉ፤ እሱ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠና በቀጭን ዘንግ ድምፅ ማጉያዎቹን ይመራ ጀመር። ከአንድ ሰዓት በላይ ለማያዩት ሣጥኖች እጁን ሲያወናጭፍ ተመለከትኩ። ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። አጠገቤ የነበሩ የሥራ ባልደረባው “ከባድ ሥራ ነው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ከሰው መሐል ላብ በላብ ሆኖ መጣና “መምህር፣ እንዴት አገኙት?” አለኝ።

“ድምፅ ማጉያዎቹ በርትተዋል” አልኩት።

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ “አመሰግናለሁ” ብሎ ሄደ። ቤቴ እስክደርስ በንግግሬ ኮራሁ፤ ልብሴን ሳወልቅ ግን ተማሪዬን እንዲህ ብዬው አላውቅም አልኩ። ቢሆንም ቃሌን የምቀይርበት ምክንያት አላገኘሁም።

ይመለሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ሁለት ወር ቆይቶ ቅዳሜ ቀን አዳራሹ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጥራዝ የለም፤ በእጁ ሁለት ወረቀት ይዟል።

“ለአራት ሰው ነው። እዚህ ላሉት” አለኝ።

እኔ ባለኝ ጥርስ ክላርኔቴን ይዤ፣ ትራምፔት ነፊውና ኖታ የሚያነቡት ሌሎች ሁለት ተማሪዎቼ ተቀምጠን ተጫወትነው። ሦስት ደቂቃ ነው። መጥፎ ነበር። ግን የጻፈውን ሰዎች አንድ ላይ ሲጫወቱት ሰምቶ ስለማያውቅ፣ አንገቱን ወደፊት አስግጎ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይመለከት ነበር። መሐል ላይ ሁላችንም ተጠላለፍንና ቆምን።

“ስህተቱ የማን ነው?” አለ።

“የእርስዎ” አለው የመለዋወጫ ነጋዴው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “አይደል፣ እትዬ?” አለኝ።

“ነው” አልኩ።

ዶክተሩ እርሳሴን ለመነኝ። ወረቀቱን ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ ተንበርክኮ፣ አንድ ሙሉ መስመር ሰረዘና እንድንደግመው ጠየቀ። ደገምነው። አሁንም ጥሩ አልነበረም፤ ነገር ግን አራታችን የምንለውን እርስ በርስ ተደማመጥን። ይህንኑ ነገርኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ጠይቆኝ ሄደ።