ቅዳሜ የሚፈለጠው ግንድ

ቤታችን ቡራዩ ነው፤ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ። ጓሯችን ውስጥ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበረን። ወደ መብራት ገመዱ እያዘነበለ ሲያስፈራን አስቆረጥነው። ቆራጮቹ እየጎማመዱ ከከመሩት በኋላ «እንፍለጠው?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ተቆጣ።

«እኔ የገበሬ ልጅ ሆኜ እንጨት በሰው ላስፈልጥ? ቅዳሜ እፈልጠዋለሁ» አለ።

የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልተናገረም።

ባለቤቴ መልካም ሰው ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ይሠራል፤ ጠዋት በሚኒባስ ተጋፍቶ ይሄዳል፣ ማታ ተጋፍቶ ይመለሳል። አፉ ግን ከክንዱ ይቀድማል። አንዱ ቅዳሜ ለቅሶ ሆነ፣ ሌላው ዝናብ፣ ሌላው ኳስ። ባሕር ዛፍ ደግሞ እርጥቡን ከመቱት እሺ ብሎ ይከፈላል፤ ከደረቀ ግን ብረት ነው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ሲመታው መጥረቢያው ነጥሮ ተመለሰ። ሁለተኛ ሲመታው ተነክሶ ቀረ። ለማላቀቅ ሲታገል እጀታው ተሰበረ። ግንዱን ትክ ብሎ አየውና «ይሄ እንጨት ገና ነው» ብሎ ገባ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ምድጃ ስር የምንበረከከው እኔ ነኝ። ቅርንጫፉን ለቃቅሜ ጨረስኩ። ግንዱ ግን ጓሮ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ያየኛል።

እኔ የምሠራው የከባድ መኪና ሃይድሮሊክ ቱቦ የሚገጣጠምበት ሱቅ ውስጥ ነው። የሎደር ቱቦ ሲፈነዳ ሾፌሩ የተቀደደውን በትከሻው ጥሎ ይመጣል፤ እኔ በልኩ አዲስ ቆርጬ፣ ጫፉን በማሽን ጨምቄ እሰጠዋለሁ። ዘይት ሲገፋ ምን እንደሚችል በየቀኑ አያለሁ። አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ወገቡን የሚያነሳው በዘይት ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ጥሎት የሄደ የአሮጌ ፎርክሊፍት ጃክ፣ ያ እየረዘመ ዕቃ የሚያነሳው የብረት ክንድ፣ በር ላይ ተጋድሞ ነበር። አለቃዬ «ይሄን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» አለኝ። አነሳሁለት። ወደ ቤቴ ነው ያነሳሁት።

ከአጥራችን ወዲያ አንዲት አዛውንት ጎረቤት አሉን። እንደ አገሩ ወግ «አዴ» እላቸዋለሁ። ሟቹ ባላቸው የብረት በር በያጅ ነበሩ፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ የማያውቀው፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የባላቸው እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር በሩን ሁሉ የበየዱት አዴ ራሳቸው መሆናቸውን ነው። መበየጃው ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«አዴ፣ አንድ ነገር ይበይዱልኛል?» አልኳቸው።

«ምንድነው እሱ?»

«ባሌን የሚተካ ነገር።»

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እሱስ ቀላል ነው። ብረት ካለሽ።»

ለባለቤቴ ለምን እንዳልነገርኩት ሰዎች ሲጠይቁኝ ብዙ መልስ አለኝ። እውነተኛው ግን አንድ ነው፤ ላግዝሽ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ሰኞ ሰኞ እረፍቴ ነው። እሱ ሥራ ሲሄድ እኔ አዴ ግቢ እሄዳለሁ። ረጅም የብረት ምሰሶ አጋደምን። በአንዱ ጫፍ ጃኩን ገጠምን፤ በሌላው ጫፍ አዴ ከባሌስትራ፣ ከመኪና ጎማ በላይ ከሚደረደረው ብረት፣ ያበጁትን ወፍራም ሽብልቅ በየዱ። ግንዱ መሀል ይተኛል፤ ጃኩ ይገፋዋል፤ ሽብልቁ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በቃ። ዘይቱን ለሚገፋው ፓምፕ ተፍኪ አካባቢ መስኖ ላይ ያረጀ የቤንዚን ሞተር አገኘን። ከማሽናችን ሥር ሁለት የባጃጅ ጎማ አደረግንለት። ድምፁን የሰማ ጎረቤት ሁሉ አዴ ጄኔሬተር የገዙ መሰለው። እሳቸውም አላስተባበሉም።

የሙከራው ቀን የጃኩን ማንሻ ወደ ፊት ገፋሁ። ጃኩ ንቅንቅ አላለም። ወደ ኋላ ስመልሰው ግን ሰተት ብሎ ወጣና፣ ምሰሶው ላይ የተቀመጠውን የአዴን ባልዲ እየገፋ ወስዶ ሽብልቁ ላይ ጨፈለቀው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ቱቦ የምገጥመው ሴትዮ ሁለቱን ቱቦዎች አቀያይሬያለሁ። አፍሬ ቆምኩ። አዴ የባልዲውን ሬሳ አንስተው አገላበጡት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ይሠራል።»

ቱቦዎቹን አስተካክዬ ከጓሯችን ግንድ አምጥተን አስተኛን። ጃኩ አይቸኩልም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ግንዱ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ አቃሰተ፤ ከዚያ ጯ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። አዴ እልል ብለው ጀመሩና፣ ምስጢር መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

ያን ማታ ባለቤቴ መጥቶ ጓሯችን ውስጥ የተደረደረውን ፍልጥ አየ።

«ማነው የፈለጠው?»

«እኔና አዴ።»

«በምን?»

«ቀስ እያልን።»

አልዋሸሁም። ክንዴን አየ፤ ፊቴን አየ፤ ደግሞ ክንዴን አየ። እራት ላይ ውሃውን ራሱ ቀዳልኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የእድራችን ዳኛ መንገድ ላይ አገኙኝ። «ባለቤትሽ ግን ጎበዝ ነው!» አሉኝ። «ከሥራ መልስ ያን ሁሉ ግንድ እንደጨረሰው ለእድርተኛው ሲያወራ ሰማን። ልጄን ልድር ነው፤ ለድግሱ የደረቀ ግንድ አስጭኛለሁ። ብንለምነው ቅር ይለው ይሆን?»

በዚያች ቅጽበት ልራራለት እችል ነበር።

«ኧረ ደስ ይለዋል ጋሼ» አልኩ። «እንዲያውም ሥራ ፈትቶ እጁን እየበላው ነው።»

ዳኛው ቤት ድረስ መጥተው ሲጠይቁት እምቢ ማለት አልቻለም። ከሸኛቸው በኋላ ወገቡን ያዝ አደረገ። «ሰሞኑን ትንሽ ያመኛል» አለ። አሻሸሁለት።

የተቀጠረው ቀን ጠዋት አዲስ እጀታ ያስገባለትን መጥረቢያ ይዞ ወደ ዳኛው ግቢ ሄደ። እኔና አዴ ማሽኑን እየገፋን ስንደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ አሥር የሚሆኑ ወንዶች ከበውት፣ ግንዱ እንዳለ ነበር። ማሽኑን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። አፉ ግን ቀደመ።

«ይኸው! የምጠብቀው ዕቃ መጣ!»

አዴ ቆም አሉ። «ያንተ ነው?»

«ያው የቤታችን...»

«በል አስነሳዋ።»

የሞተሩን ገመድ ሳበ። ዝም። ደግሞ ሳበ። ኮቱን ቀድሞ አውልቋል፤ አሁን የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ። እየሳበ፣ እየተነፈሰ፣ ከተሰበሰበው ሰው ምክር እየተቀበለ ቆየ። በመጨረሻ ግንዱ ላይ ቁጭ አለ።

«አንዲት እንጨት አልፈለጥኩም» አለ። «እሷ ናት። በምን እንደሆነ ራሱ ዛሬ ነው ያየሁት።»

እኔ እንኳ ደነገጥኩ። የእድሩ ዳኛ ግን በእርጋታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናውቃለን እኮ። እጅህን ስንጨብጠው ጥጥ ነው። ፈላጮች ለስምንት ሰዓት ቀጥሬያለሁ። እስኪመጡ እንይህ ብለን ነው የጠራንህ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ መጀመሪያ እንደ መሳል፣ በኋላ እንባው እስኪወርድ። አዴ ጎንበስ ብለው የተዘጋውን የቤንዚን ቧንቧ በአንድ ጣት ከፈቱት። ሞተሩ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ተነሳ። ፈላጮቹ በስምንት ሰዓት ሲደርሱ ሥራ አልነበረም፤ ምሳቸውን በልተው ማሽኑን ሲዞሩት ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ግንድ አቀባይ ሆኗል፤ በእውነትም ጎበዝ ነው። ባለፈው ሰኞ ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለ። ለማሽኑ አዲስ መደገፊያ ስንበይድ ብረቱን ልያዝ አለ። አዴ «እሳቱን እንዳታይ» ብለው ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁት። አየው። ከሰዓት በኋላ ዓይኑ አብጦ፣ የበያጆች መድኃኒት የሆነውን የተቆረጠ ድንች በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ አድርገንለት በአዴ ሳሎን ተጋድሞ፣ በተከፈተው በር በኩል ብየዳውን ወዴት ማራዘም እንዳለብን ያዝዘን ነበር።