የአባቴ አንገትና የስልኬ ሴትዮ

ኮምቦልቻ አንድ የጭነት መጋዘን ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። የሚገባና የሚወጣውን ዕቃ ስመዘግብ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀረቅራለሁ። ጠዋት ከደሴ ስወርድና ማታ ስመለስ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ላይ አቀረቅራለሁ። እንዲህ ስል አንገቴ ደረቀ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ከትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ሥር ይወጋኝ ጀመር።

ለአንገት የሚሆን አፕ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ አጠገቤ የምትሠራ ልጅ ናት። አቀማመጥ የሚያስተካክል፣ የአንገት ሕመም ሳይብስ የሚከላከል ነው አለችኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል፤ ከዚያ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ትከሻሽን ጣይ፣ አገጭሽን ወደ ኋላ ሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። መጀመሪያ ሰው ያየኛል ብዬ አፍር ነበር። እያደር ግን ሕመሙ ለቀቀኝ።

ስለዚህ የአባቴ አንገት ማዘንበል ሲጀምር መድኃኒቱ በእጄ ያለ መሰለኝ።

አባቴ ደሴ ሰኞ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ጨርቅ ሲለኩ፣ ሲቆርጡ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ሲያወርዱ የኖሩ፣ ሰውነታቸው ቀጥ ያለ ሰው ነበሩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። በሽታው በትንሹ ነው የጀመረው። ከሰዓት በኋላ አገጫቸው ወደ ደረታቸው ይወርዳል፤ ደክሟቸው ነው አልን። ቆይቶ ጠዋትም እንደዚያው ሆነ። ደንበኛ ሲገባ ጫማውን እያዩ ሰላምታ ይመልሱ ጀመር። ከኩታበር የሚመጣ የቆየ ደንበኛቸው አንድ ቀን ደጅ ላይ አግኝቶኝ፣ አባትሽ ፊት ነሱኝ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን አለኝ። ሕመም መሆኑን ነገርኩት። ያመነኝ ግን አልመሰለኝም።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ ሳሎን ወንበር ላይ አስቀምጣቸው ነበር። ሴትዮዋ ስልኩን ከዓይን ትይዩ አድርጉ ትላለች። እሳቸው የሚያዩት ወደ ታች ስለሆነ እኔ ጭናቸው ላይ አኖረዋለሁ። ከዚያ እሷ ስትናገር እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

ቀጥ በሉ አለች ስላቸው፣ ብችል እሷን መች እጠብቅ ነበር ይሉኛል፤ እንስቃለን። አገጫቸውን በጣታቸው ደግፈው ወደ ላይ ይገፉታል፤ ለቅጽበት ዓይናቸውን አየዋለሁ፤ ጣታቸውን ሲያነሱ ይወርዳል። አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ሲንቀጠቀጥ ከጎናቸው ቆሜ አየው ነበር። ስንጨርስ ሴትዮዋ ሁልጊዜ የምትለውን ትላለች።

«ምን አለች?» አሉኝ አንድ ጠዋት።

«ጎበዝ አለች፣ አባባ።»

«አታየኝማ፣ ልጄ» አሉ።

ያን ቀን እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ስልኬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

እየባሰ ሄደ። ሻይ በቀጭን ቱቦ መጠጣት ጀመሩ። ሶላት ላይ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ከሱጁድ ሲነሱ ጭንቅላታቸው አብሯቸው አይነሳም። ከሱቅ ወደ ቤት ሲመጡ ሰው እየገጩ ስለተቸገሩ ሱቁን ለአጎቴ ልጅ ተዉት። እኔ ደግሞ ሌላ አፕ አወረድኩ፣ ከዚያም ሌላ። አንዱ ለሽማግሌ የተዘጋጀ ነው ይላል፤ ቢሆንም ሁሉም የሚጀምሩት ቀና በሉ ብለው ነው።

በመጨረሻ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ አንገታቸውን በእጁ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። ስልኬን አውጥቼ የምናደርገውን አሳየሁት። አልተቆጣኝም። ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ላንቺ ነው አለኝ፤ ጡንቻው ጤነኛ ለሆነ ሰው ነው። የእሳቸውን ጭንቅላት የሚይዘው ጡንቻ ራሱ አልቋል፤ በአቀማመጥ የመጣ አይደለም፤ ቀድማችሁ ብትጀምሩም አያስቀረውም ነበር። አዲስ አበባም ሄድን፤ ምክንያቱን ያወቀ የለም። የአንገት መደገፊያ ሰጡን። አባቴ ያሳክከኛል እያሉ ለጁምዓ ብቻ ያደርጉታል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን እጄን ያዙ።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ሴትዮሽም የቻለችውን አድርጋለች።»

እኔ አሁንም የአፑን እንቅስቃሴ እሠራለሁ፤ ካልሠራሁ ሕመሙ ይመለስብኛል። ክፍሌን ዘግቼ፣ ድምፁን አጥፍቼ ነው። ከግድግዳው ማዶ አባቴ አጎንብሰው ተቀምጠው እኔ አንገቴን ወደ ላይ ስስብ የሆነ ነገር ከእሳቸው የወሰድኩ ይመስለኛል። አለመሆኑን አውቃለሁ። ባቆምም ለእሳቸው አይተርፍም።

ባለፈው ረመዳን ማለቂያ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሰፈሩ ሰው የዒድን ጨረቃ ለማየት ደጅ ወጣ። አባቴም እንውጣ አሉ። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁላቸውና ከኋላቸው ቆምኩ። ግንባራቸውን በመዳፌ ይዤ ቀስ ብዬ ቀና አደረግኳቸው። የጭንቅላታቸው ክብደት ደነቀኝ፤ የሰው ራስ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። የጦሳን ተራራ ጭጋግ ሸፍኖታል። ጎረቤቶች እየተጣሩ ይጠያየቃሉ፤ ያየ ግን የለም።

«ይታይሻል?» አሉኝ።

«አይታይም፣ አባባ። ጭጋግ ነው።»

«ትንሽ ያዢኝ እስኪ» አሉ።

ክንዴ ዛለ። በሌላኛው እጄ ቀየርኩ፤ እሱም ደከመ። ደክሞኛል ማለት አልቻልኩም። በኋላ ራሳቸው፣ በቃ ልጄ፣ መልሽኝ አሉ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ እስኪያርፍ እጄን ሳልለቅ ቀስ ብዬ አወረድኳቸው።