ሙከይፉን ያስጠፋሁበት ዓርብ

በካርቱም ከሀርፕሲኮርድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የባሮክ ሙዚቃ ጓድ የመራ ሐበሻ ከእኔ በፊት አልነበረም። ነበርኩ የሚል ካለ መጥቶ ይከራከረኝ። ለዚህ ለድሮው የአውሮፓ ሙዚቃ አስተማሪ አላየሁም፤ ሬዲዮና ካሴት በቂዬ ነበሩ። መሣሪያውንም ዴም ሰፈር ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ከአሮጌ ቁም ሳጥን ሳንቃ ሠራሁት። ሀርፕሲኮርድ ከፒያኖ በፊት የነበረ ነው። አውታሩን የሚነካው መዶሻ ሳይሆን የላባ ጫፍ ነው፤ የእኔዎቹ ላባዎች ከካርቱም ቁራዎች የተለቀሙ ናቸው።

አገሪቱ ለሁለት ከተከፈለች በኋላ፣ በአንድ ዓርብ፣ የመጀመሪያ ኮንሰርታችንን ልናቀርብ በአንድ ክበብ አዳራሽ ተሰበሰብን። የሚያጅቡኝ በሠርግ ላይ የሚጫወቱ ሱዳናውያን ቫዮሊነኞች ነበሩ። የሚዘፍኑት ካፉሪ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶቻችን ናቸው። እነሱ ከዓርብ ሌላ ቀን የላቸውም፤ ዓርብም ቢሆን ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መግባት አለባቸው። ያን ቀን ካልሆነ የዓመታት ልፋታችን ቀረ ማለት ነው።

ከጠዋት ጀምሬ መሣሪያዬን እንደ ወርቅ ቃኘሁት። ሰው አዳራሹን ሲሞላ ግን አየሩን በውሃ እያራሰ የሚያቀዘቅዘው ሙከይፍ ጩኸቱ አናደደኝ።

«አጥፉት! መስኮቱን ክፈቱ!» አልኩ።

ጸጥ አለ። ስለ ባሮክና ስለ ራሴ ጥቂት ቃል ልናገር ተነሣሁ። ልቤ በደስታ ስለዘለለ ጥቂቱ ረዘመ። ደረቁ የበረሃ ነፋስ ደግሞ በመስኮቱ እየገባ ሳንቃዬን ያደርቅ ኖሯል። ተቀምጬ ቁልፎቹን ስጫን የተሰማው ድምፅ ጥርስ ያስፋጫል።

«ጋሼ፣ ምን ነካው?» አለችኝ ዋናዋ ዘፋኝ፣ የወሎ ልጅ።

«ደርቆ ነው። ሙከይፉን አብሩት! ሽንኩርት ሳይላጥ ቃኝቼ እጨርሳለሁ።»

«ያለፈው ዓርብ ልምምድ ላይም እንዲህ ብለው ሽንኩርቱ ወጥ ሆኖ ተበላ። ማዳሟ በሩን ትዘጋብኛለች፣ ያላ፣ ቶሎ ይበሉ!»

አውታር በአውታር ማጥበቅ ጀመርኩ። ከኋላ አንዱ፣ «አባት፣ መቃኘቱ ነው ወይስ ዘፈኑ ተጀምሯል?» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄ ግን አልቆመም።

ቅኝቱ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሙከይፉ ያጓራል። ካጠፋሁት መሣሪያው ይበላሻል፤ ከተውኩት የመሣሪያዬ ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ፀሐይ ወደ መስኮቱ ግርጌ ወርዳለች። ያን ጊዜ ላደረግኩት እስከ ዛሬ ለራሴ አጨበጭባለሁ።

«ወንበራችሁን ይዛችሁ ኑ! መድረኩ ላይ ውጡ!»

ሰዉ አመነታ፤ ከዚያ ወንበር እየጎተተ ከበበን። ሴቶቹ ትከሻዬ ላይ ሊደርሱ ቀርበው ቆሙ። ሁለቱም እጆቼ ቁልፍ ላይ ስለሆኑ የምመራው በጭንቅላቴ ነው፤ ነቀነቅሁ፣ ቫዮሊኖቹ ገቡ። እንዴት ያለ ድምፅ! የቁራዎቹ ላባ እንደ ዝናብ ጠብ ጠብ አለ። ዜማው ሲደገም ባሮክ ዘፋኟ ጌጥ ትጨምርበት ዘንድ ይፈቅዳል፤ የወሎዋ ልጅ የአገሯን የድምፅ ማርገብገብ ጨመረችበት። ያን እኔ አላስተማርኳትም፤ ቦታውን ግን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ቫዮሊነኛው ሳይቆም «አላህ!» አለ።

የመጨረሻው ድምፅ ሳይጠፋ ሴቶቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ አውቶቡሱ ሮጡ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። የወሎዋ ልጅ ከበሩ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ንግግሩን መጨረሻ ላይ ያድርጉት!» ብላ ጮኸች።

ሰዉ ግን እንደከበበኝ ነው፤ ከወንበሩ አልተነሣም። መጨረሻው ላይ ደርሰን የለ? ንግግሬን ካቆምኩበት ቀጠልኩ።