አንደኛ የወጣው ጠቦት

ከቀየት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ጥድ አምባ ቀበሌ የወሰንየለሽን ምላስ ያልቀመሰ ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ጆሮው አይሰማም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ስላልመጣላት ወደ አገሯ ተመልሳ አግብታ ትኖራለች። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ንግግር ሲያስረዝም ከኋላ ሆና ቅንድቧን ታነሳና «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች፤ ሰውዬው የሚናገረው ሁሉ ይጠፋበታል። ጎረቤቷ ጥሩሸዋ የልጇን ጉብዝና ስታወራ «አዎ፣ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል የሚያጠናው ጎበዝ ስለሆነ ነው» ብላ አፏን ታዘጋታለች።

የእጅ ጽሕፈቷ ግን ያምራል። በዚህም ምክንያት ከዘጠኝ ዓመት በፊት የበግ አርቢዎች ማኅበር ሲቋቋም መዝጋቢ ሆና ተመረጠች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በግ በወለደች ቀን ሚዛኑን ይዞ መሄድ፣ ግልገሉን አንጠልጥሎ መመዘን፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ማድረግ፣ የተወለደበትን ቀን መጻፍ። ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ እንደገና መመዘን። ከዚያ መዝገቡ ወደ ከተማ ይሄድና ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ጠቦት የስድስት ወር ክብደት ከተወለደ ጀምሮ ላሉት ቀናት አካፍሎ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይደረድራቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ለዘር ይቀራሉ። የተቀሩት ይኮላሹና ሙክት ሆነው ገበያ ይወጣሉ።

ኮምፒዩተሩ የዶክተር ነቢዩ ነው። ዶክተር ነቢዩ ጭቃ አይቶ የማያውቅ ጫማውን አድርጎ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ያሰቅልና መስመር የበዛበት ሥዕል ያበራበታል። የሂሳብ ሞዴል የሚባለው ነገር የማይገባበት ቦታ እንደሌለ ሲያስረዳ ዓይኑ ያበራል። ግልገል እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳየው ቀመር፣ ፊደሎቹን ትንሽ ቀየር ሲያደርጉት፣ ኩፍኝ በትምህርት ቤት እንዴት እንደሚዛመት ያሳያል። ትንሽ ደግሞ ሲነካኩት ወሬ በገበያ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ስንት ወጣት አገሩን ጥሎ እንደሚሰደድ፣ የትኛው ገበሬ ማዳበሪያ እንደሚወስድና የትኛው እንደሚያንገራግር ይናገራል።

«ጉድ እኮ ነው» አለች ወሰንየለሽ አንድ ጊዜ ለጥሩሸዋ ጠጋ ብላ። «ለበግም፣ ለኩፍኝም፣ ለስደተኛም ልክ የሚሆን አንድ ካፖርት። ልብስ ሰፊው ማን ይሆን?»

ጥሩሸዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ዶክተሩ ግን ሳቅ አይሰማም። በዚያው ቀን አንሶላው ላይ አንድ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አሳይቶ፣ ከመኪና መንገድ የራቁ ቤቶች ጠቦቶቻቸው ይበልጥ ቶሎ እንደሚያድጉ በቁጥር ማረጋገጡን አበሰረ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ንጹሕ አየርና ጸጥታ ነው። ገበሬው በሙሉ በአንድነት ራሱን ነቀነቀ። በመንዝ ብርድ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕዝብ፣ መንገድ ዳርም ሆነ ገደል አፋፍ ሌላ ምን የሚተነፍሰው አየር ኖሮት ነው? ወሰንየለሽ ሳቋን ለመዋጥ መሬት መሬት አየች። ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች። ምክንያቱ አየር ሳይሆን ዓይን ነው።

በጥድ አምባ አዲስ የተወለደ ግልገል እግሩ ሳይጸና ለባዕድ ዓይን አይታይም። ይባስ ብሎ በሚዛን መንጠቆ ማንጠልጠልማ ሥጋ ቤት ሰቅሎ እንደ ማየት ይቆጠራል። ስለዚህ በግ የወለደችለት ሰው ዝም ይላል። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ግልገሉን ከውስጥ ደብቆ ያቆይና አንድ ጠዋት ለመዝጋቢዋ መልእክት ይልካል። «ትናንት ለባለወልድ ተወለደልን» ይላታል። ግልገሉ በዚያ ጊዜ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ሣር ይቀምሳል። ከመንገድ የራቀው ደግሞ ይበልጥ ይፈራል፤ ይበልጥም ይደብቃል። ወሰንየለሽ በሆዷ እየሳቀች የነገሯትን ትጽፋለች። ኮምፒዩተሩ የሃያ ቀኑን ግልገል የአንድ ቀን ነው ብሎ ይቀበልና፣ ስድስት ወር ሲሞላው የሃያ ቀን ትርፍ ዕድሜውን እንደ ተአምር ዕድገት ይቆጥርለታል። ከዋሾ ቤት የወጣ ጠቦት ሁሉ በዶክተር ነቢዩ ዘንድ ጀግና ነው።

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ የምጽፈው የነገሩኝን ነው» ትል ነበር። ፈሪውን ገበሬ ትንቃለች፤ የፈሪውን ወሬ ቀምሮ ሳይንስ ነው የሚለውን ሰውዬ ደግሞ ይበልጥ ትንቃለች። በሁለቱ መካከል ቆማ እስክሪብቶ የያዘችውን ሴት ግን አንድም ቀን ዞር ብላ አይታት አታውቅም።

ከቀበሌው ሁሉ ልደት የማይደብቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ ሀብተ ማርያም። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። በጋቸው በወለደች በዚያው ቀን ልጅ ልከው ያስጠሯታል፤ ግልገሉ ሲመዘን ባርኔጣቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ። «ቃል ገብተናል፤ መንግሥትም ባይሆን እግዜር ያያል» ይላሉ። ለዚህ እውነታቸው የተከፈላቸው ዋጋ ግልጽ ነው። አራት ዓመት በተከታታይ አንድም ጠቦት አላለፈላቸውም። አራት ዓመት ሙሉ በጎቻቸውን ያስጠቁት በጎረቤት አውራ ነው፤ በየዓመቱም ግልገሎቻቸው እያነሱ መጡ።

በአምስተኛው ዓመት፣ ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ አንድ ዳለቻ ጠቦት ተወለደላቸው። ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ ድፍን፣ ጠጉሩ ረጅም። ሦስት ወር ሲሞላው መንገደኛ ቆሞ ያየው ጀመር። ሽማግሌው ለወሰንየለሽ እንዲህ አሏት፦ «ከዚህ ዘር ካልቀረልኝ መንጋዬ አለቀለት ልጄ። ይኸው ነው ተስፋዬ።»

እሷም ዳለቻው በተወለደ ዕለት ሌላ ግልገል መዝግባለች፤ የራሷን። ልደቱ ግን ያን ቀን አልነበረም።

የወለደችው በጓ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ግልገል ሞቶባታል። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ጉረኖ ስትገባ ግልገሉ እርጥብ እንደሆነ እናቱ ትልሰዋለች። ወሰንየለሽ ሚዛኑን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች። ከግድግዳው አወረደችው። እጇ ላይ አገላበጠችውና መልሳ ሰቀለችው። ያቺ በሰው ፍርሃት ዘጠኝ ዓመት ስትስቅ የኖረች ሴት የጉረኖውን በር ዘግታ አሥራ ሰባት ቀን ለማንም ትንፍሽ ሳትል ቆየች። ጋሽ ሀብተ ማርያም ቤት የሄደች ቀን ስትመለስ የራሷንም መዘነችና፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ኅዳር 29» ብላ ጻፈች።

በግንቦት መጨረሻ ሁለቱም እንደገና ተመዘኑ። የእሷ አሥራ አራት ኪሎ ተኩል ሆነ፤ የሽማግሌው አሥራ አራት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። አሥራ ሰባት ቀን ለአንድ ጠቦት የአንድ ኪሎ ዕድገት ነው። ይህን ለማስላት ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ እሷም መንገድ ላይ በጣቷ አሰላችው።

ሰኔ መግቢያ ላይ ዶክተር ነቢዩ መጣና ዝርዝሩን በአዳራሹ አነበበ። አንደኛ የወሰንየለሽ ጠቦት ነው። ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የተጠሩት በሙሉ ከመንገድ የራቁት ቤቶች ናቸው። የጋሽ ሀብተ ማርያም ዳለቻ አሥራ አንደኛ ወጣ። ሽማግሌው ስማቸው እንዳይደገምባቸው እንደሚፈልግ ሰው ቶሎ ብለው «ይሁን» አሉና ተቀመጡ። ፈንታ የተባለው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ መኮላሻ ጉጠቱን ይዞ ውጪ እየጠበቀ ነበር።

ወሰንየለሽ ተከትላ ወጥታ ዶክተሩን መኪናው አጠገብ ደረሰችበት።

«ዶክተር፣ ይህ ዝርዝር ልክ አይደለም።»

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም። ሰው ልደት ይደብቃል። የአንድ ቀን ነው ብለው የሚያሳዩኝ ግልገል ሣር ይነጫል።»

ዶክተሩ ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው ፈገግ አለ። «ለስሕተትማ ሞዴሉ ውስጥ ቦታ ተትቶለታል እኮ። አንዱ ቀኑን ያስቀድማል፣ ሌላው ያዘገያል፤ ሲደመር ይጣፋል።»

«ማንም አያስቀድምም! ሁሉም የሚዋሸው ወደ አንድ ጎን ነው። የሚደብቀው ሁልጊዜ ይደብቃል። የማይደብቅ አንድ ሰው ነው ያለን፤ እርስዎም በየዓመቱ እሱን ይጥሉታል።»

የዶክተሩ ፈገግታ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ደደብ አልነበረም፤ እስካሁን ማንም አልነገረውም እንጂ። ላፕቶፑን መልሶ ከፈተና ዝርዝሩን ትንሽ አየው። «እንዲህ ከሆነ ከባድ ነገር ነው» አለ። «ግን በወሬ ላቆመው አልችልም። አንድ ማስረጃ ስጪኝ። አንድ ጠቦት ይበቃኛል፤ የተወለደበት ቀንና የተጻፈለት ቀን ልዩነቱ በርግጥ የታወቀ። ዛሬውኑ አስቆመዋለሁ።»

በርግጥ የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር። የሌላው ሁሉ ግምት ነው። በአዳራሹ በር በኩል ጥሩሸዋ፣ ሊቀመንበሩና በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የቀለደችባቸው ሁሉ ተሰብስበው ወደ እሷ ያያሉ። የራሷን ጠቦት ብትናገር እያንዳንዳቸው የሚሉትን ከነድምፁ ሰማችው።

«እኔ የምጽፈው የነገሩኝን ነው» አለች።

ዶክተሩ ላፕቶፑን ዘጋ። «መዝገብሽማ ከሁሉም ቀበሌ ንጹሑ ነው። ስርዝ ድልዝ እንኳ የለበትም» ብሎ አመስግኗት መኪናው ውስጥ ገባ።

ዳለቻው ሲኮላሽ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ራሳቸው ቀንዱን ይዘውለት ነበር። ወሰንየለሽ ጎን ቆማ በቁጥሩ ትይዩ «ተኮላሽቷል» ብላ ጻፈች። ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ያን ዕለት ራሷን ከዶክተሩም ከፈሪዎቹም አብልጣ ናቀችው። ንቀቱ ግን ለዳለቻው ምን ይፈይድለታል?

በሳምንቱ ጋሽ ሀብተ ማርያም ሦስት ሴት በጎች እየነዱ ደጇ ደረሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር።

«ወሰኔ፣ ሰው ፊት መጠየቁ ከበደኝ። ካላስቸገርኩሽ እነዚህ ካንቺ አውራ ጋር ጥቂት ቀን ይዋሉልኝ።»

«ጋሼ...» አለች። «ጋሼ፣ የርስዎ ይበልጥ ነበር። የኔ አይደለም።»

«ተዪ ልጄ፤ አታባብዪኝ። እውነት ነው፣ እኔም ዓይኔ የኔን ይወድ ነበር። ግን ሽማግሌ የራሱን ከብት መቼ አይቶ ይጠግባል? ኮምፒዩተሩስ ለማን ብሎ ያዳላል?» አሉና እንደ ማጽናናት ፈገግ አሉላት። «ደግሞ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ! ሌላ ሰው ቢሆን እጠረጥር ነበር።»

ሽማግሌው በጎቹን እንዳይበተኑ በከዘራቸው እየከለከሉ ጠበቋት። ወሰንየለሽ የጉረኖውን በር ከፈተችላቸው፤ ሦስቱ በጎች ተከታትለው ገቡ።