ያላንኳኳሁት የቆርቆሮ በር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ይህንንም ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለአክስቴም ለንስሐ አባቴም። የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሊያዝንልኝ የሚፈልግ ካለ እዚህ ላይ ይተወው።

አሰላ ውስጥ ከአክስቴ ጋር በምኖርበት ሰፈር ዶሮ የሌለው ግቢ የለም። የዶሮ በሽታው ፈንግል ከገባ ደግሞ የማንንም ግቢ አይምርም። ማታ ደህና ሆነው ቆጥ ላይ የወጡ ዶሮዎች ጠዋት አንገታቸው ተጣሞ ይገኛሉ። ክትባት አለው፤ ዓይናቸው ውስጥ ጠብ ይደረጋል። ግን ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ ለነገ አይሆንም። ስለዚህ ከታቢዋ የምትመጣው የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ በአንድ ጠዋት አንድ ግቢ የሚሰበሰብ ከሆነ ነው። አንድ ሰው በየቤቱ እየዞረ ይናገራል። ያን ጊዜ የዞርኩት እኔ ነኝ።

አክስቴ፣ «ማንም እንዳይቀር፣ ታች ሰፈር ማለቅ ጀምሯል» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የመጨረሻውን ቤት፣ የእትዬ አስካለን፣ ዘለልኩ።

እጠላት ነበር። አንቱ የምላት ፊት ለፊት ብቻ ነው። እኔ ሰው በተሰበሰበበት መናገር አልችልም፤ ድምፄ ይጠፋል። አንድ ቀን ቦኖ ላይ ተሰልፈን ሳለ፣ «ይቺ ልጅ እስከ ስድስተኛ የተማረችው ዝም ማለት ነው እንዴ? ዶሮ እንኳ እንቁላል ስትጥል ትንጫጫለች» አለች። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ የራሴን ሳልሞላ ተመለስኩ።

በሯ ድረስ ሄጃለሁ። እሷ እንቁላል ይዛ ሁሩታ ገበያ ወርዳለች፤ ቤት ያለችው ምራቷ ጫልቱ ብቻ ናት። ቆርቆሮውን ልመታ እጄን አነሳሁ፤ መልሼ አወረድኩት። ረስቼ ነው? ቸኩዬ ነው? አይደለም። አስቤበት ነው። ዶሮዎቿ ይለቁ ብዬ ነው።

አለቁም። መጀመሪያ አውራው ክንፉን ጣለ፤ ከዚያ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው፣ አፋቸውን ከፍተው አየር እየለመኑ ተከታተሉ። እትዬ አስካለ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ በውሃ ትግታቸዋለች፤ እነሱ እጇ ላይ ይደርቃሉ። ሾፌር ልጇ፣ የጫልቱ ባል፣ ብር ሳይልክ ሲቀር የቤቱ አስቤዛ ከእንቁላሉ ነበር።

ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ልናጽናናት ሄድን። ጫልቱ ጓሮ ጉድጓድ ትቆፍራለች።

«የሁላችሁም ሲከተብ የእኔን ማን ረሳው?» አለች እትዬ አስካለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ዝም ማለት ብቻ ያውቃል የተባለው አፌ ተከፈተ። «ለጫልቱ ነግሬያት ነበር፣ እትዬ» አልኩ። ድምፄ አልጠፋም።

ጫልቱ አካፋውን ይዛ ቀና አለች። «ማንም አልነገረኝም።»

«አንቺ ዋሾ» አለቻት እትዬ አስካለ። «ይቺ ምስኪን ምን በወጣት ብላ ትዋሻለች? አፍ እንኳ የላትም።»

አያችሁ? ያን ቀን ያመኑኝ ዓይናፋር ስለሆንኩ ነው። ዓይናፋር ነኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናናሁ! ለመዋሸት ግን ዓይኔ አላፈረም። ጫልቱ የአርቦዬ ገጠር ልጅ ናት፤ ሰፈር ውስጥ በአጥር በኩል «አካም ቡልቴ» እያለች፣ መልስ ባልሰጣትም ሳትቀየም፣ በየጠዋቱ ሰላም የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች። እሷን ነው የሸጥኳት። እትዬ አስካለ ለልጇ ስልክ ደወለች፤ እሱም ከሰማው በኋላ፣ ወደ እናቷ ትሂድ አለ። ትዳሯ በዚያው ቀረ። አንድ ቃል ብናገር ይተርፍ ነበር። አልተናገርኩም። ቦኖ ላይ እንደገና እንዳይስቁብኝ ፈርቼ የሰው ትዳር በተንኩ።

እትዬ አስካለ አሁን ትወደኛለች። አዲስ ካስገባቻቸው ቄቦች እንቁላል ትልክልኛለች፤ ተቀብዬ እበላለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም። የምጠይቃት ሴት አርቦዬ ናት፤ እዚያ ድረስ የሚሄድ መኪና በየቀኑ አለ፤ አልተሳፈርኩም።

ጫልቱ የሄደች ቀን አክስቴ፣ «ሻንጣዋን ባጃጁ ድረስ አድርሺላት» ብላ ላከችኝ። ጭቃውን እየዘለልን መንገዱ ጋ ደረስን። ባጃጁ ውስጥ ገብታ እጇን ለሻንጣው ዘረጋች። እኔ ግን አጥብቄ እንደያዝኩት ቆሜ ነበር።

«ያን ቀን ግቢ ውስጥ እንጨቱ ጋ ነበርኩ» አለችኝ። «እጅሽን አንስተሽ ስትመለሺ በቆርቆሮው ቀዳዳ አይቼሻለሁ። ብናገር አንቺን ነው የሚያምኑት። ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ እስከ አሁን ጠበቅኩሽ። በይ፣ ሻንጣዬን ልቀቂው።»